ቅቤው ሳይወጣ ልጆቹ ይሰለቹብኛል

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የ6 ዓመት ሴት ልጅና የሦስት ዓመት ተኩል ወንድ ልጅ አሉኝ። በቀደም ልጄ 'ቅቤ ከየት ይመጣል?' አለችኝና ከወተት እንደሚወጣ ስነግራት ሳቀችብኝ። ላሳያት ብዬ የፓኬት ወተት ሃይላንድ ውስጥ ጨምረን ሦስታችንም በየተራ ናጥነው። ምንም አልወጣም። ትንሹ አለቀሰ፤ ትልቋ 'ውሸትሽን ነው' አለችኝ። አሁን አማቴ ከሰሜን ሸዋ መጥተው እኛ ጋ ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ 'እኔ እያለሁ? ከሰፈር ጥሬ ወተት ግዢልኝ፤ ቅሉን አጥኜ፣ ወተቱን አርግቼ ከልጆቹ ጋር ሆኜ እንጠዋለሁ' አሉ። እኔ ለልጆቼ ጥሬ ወተት መስጠት እፈራለሁ። እምቢ ብል ደግሞ ይከፋቸዋል፤ 'ባልሽን በምን ያሳደግሁት መሰለሽ?' ማለታቸው አይቀርም። በዚያ ላይ የእሳቸው አናናጥ አንድ ሰዓትም ይፈጃል፤ የእኔ ልጆች ደግሞ አምስት ደቂቃ አርፈው አይቀመጡም። በብሌንደር ብገላገለው ይሻላል? ወይስ ነገሩን ልተወው?»

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ አትተዪው። ልጅሽ በጠየቀችበት፣ አያቷም ከነሙያቸው ቤትሽ በገቡበት ሰሞን ይህን ሳትሠሩ ብትቀሩ ያስቆጫል። መስተካከል ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ወተቱ፣ ሁለተኛው ደግሞ ልጆቹ ምን ያህል እንዲቆዩ እንደምትጠብቂ ነው።

በቅድሚያ «ውሸትሽን ነው» የሚለው ነገር አይደር። ቅቤው ያልወጣው እናንተ አናናጥ ስላልቻላችሁ አይደለም፤ እምቢ ያለው ወተቱ ነው። የላም ወተት ውስጥ ቅቤው በዓይን በማይታዩ የስብ ጠብታዎች ተበትኖ ይገኛል። እያንዳንዷ ጠብታ ስስ ሽፋን አላት። ወተቱ ሲናጥ ጠብታዎቹ ይጋጫሉ፣ ሽፋናቸው ይቀደዳል፣ አንዱ ካንዱ እየተጣበቀ እየተለቀ ሄዶ በመጨረሻ በእጅ የሚያዝ ቅቤ ይሆናል። አብዛኛው የፓኬት ወተት፣ በተለይ ሳይከፈት ለወራት የሚቆየው፣ ስልባቦት እንዳይሰፍበት ተብሎ ፋብሪካ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ይደረጋል። ያን ጊዜ ጠብታዎቹ ከመጠን በላይ ይደቅቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ብትንጪው አይሰበሰቡም። መጠኑም ትንሽ ነበር። 3 በመቶ ስብ ያለው ግማሽ ሊትር ወተት በጠቅላላ የሚይዘው ስብ 15 ግራም ነው። ቢወጣ እንኳ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ብዙም አያልፍም፤ ያንንም ለማግኘት ሃይላንዱን መቅደድ ነበረባችሁ። ይህን ለልጅሽ በቋንቋዋ ንገሪያት። «ያ ወተት ቅቤው እንዳይሰበሰብ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሌላ ወተት እንፈልጋለን» ማለት ለ6 ዓመት ልጅ በቂ መልስ ነው። መለየቱም አይከብድም። ወተቱን አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። ጠዋት ላዩ ላይ ወፈር ያለ ስልባቦት ካልያዘ ለቅቤ አይሆንም። ይህን ምርመራ ለልጅሽ ስጫት፤ ማለዳ ተነስታ ክዳኑን የምትከፍተው እሷ ትሁን።

ወደ ጥሬው ወተት ልምጣ። ፍርሃትሽ ትክክል ነው፤ በዚህ ላይ ወደኋላ አትበዪ። ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን የከብት በሽታና የከብት ቲቢን ያስተላልፋል፤ በሽታው ያለባት ላም ደግሞ ጤነኛ መስላ ልትታይ ትችላለች። ሌሎች የተቅማጥና የትኩሳት ጀርሞችም አሉበት፤ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ በእነዚህ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ይጎዳል። ወተቱ መርጋቱና መኮምጠጡ እነዚህን ያጠፋቸዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ቅሉ በወይራ መታጠኑም እንዲሁ። ጭሱ ጠረኑን ያሳምረዋል፣ ወተት የሚያበላሹ ነገሮችንም በመጠኑ ያዳክማል፤ ቲቢን ግን አይገድልም። ከጥሬ ወተት የወጣ ለጋ ቅቤም ያው ነው። ከገበያ የምትገዢውን ለጋ ቅቤ ሳታነጥሪ ለልጆቹ በዳቦ ቀብተሽ እንዳትሰጪ የምመክርሽ ለዚህ ነው። ሲነጠር ግን በደንብ ስለሚሞቅ ነገሩ ሌላ ነው።

አማትሽ «ባልሽን በምን ያሳደግሁት መሰለሽ?» ሲሉ ግን አትከራከሪያቸው። ልጃቸውን አሳድገዋል፣ እውነታቸውን ነው። ያሳደጉት ጠባይዋን በሚያውቋት፣ በገዛ እጃቸው በሚያልቧት ላም ወተት ነው። ዛሬ አንቺ ከሰፈር የምትገዢው ወተት ከስንት ላም ተቀላቅሎ እንደመጣ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። በከተማና በከተማ ዙሪያ በሚረቡት የፈረንጅ ዲቃላ ላሞች ላይ ደግሞ የከብት ቲቢ ከሀገረሰብ ዝርያዎቹ በብዛት ይታያል። ይህ የገጠሩ ወተት ከበሽታ ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ገጠርም ቢሆን ማፍላት ይሻላል። ከአማትሽ ጋር ለመነጋገር ግን ጥሩ በር ይከፍትልሻል። «እማማ፣ የእርስዎን ላም አውቃታለሁ፤ የዚህችን ከተማ ላም ግን አላምናትም። እኛ እናፍላው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሙያ በሙሉ የእርስዎ ነው» በያቸው። ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ በተለይም ወተቱ ከመገዛቱ በፊት ንገሪያቸው። ወተቱ ቤት ገብቶ ቅሉ ከታጠነ በኋላ «ይቅር» ማለት ግን በልጅ ልጆቻቸው ፊት ማሳፈር ነው። ባለቤትሽም ቢጨምርበት መልካም ነው። የእናቱን ሙያ እሱ ሲያወድስ ክብደት አለው።

«የፈላ ወተት ቅቤ አይወጣውም» ካሉሽ ይወጣዋል በያቸው። በህንድ ሀገር በየቤቱ ወተት ፈልቶ፣ በእርጎ እርሾ ረግቶ ነው የሚናጠው። ፋብሪካዎች ወተቱን 63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ያሞቁታል። አንቺ ቴርሞሜትር አያስፈልግሽም፤ እያማሰልሽ ገንፈል እስኪል ድረስ ማፍላት ይበቃል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የፈላ ወተት በራሱ ጊዜ በደንብ አይረጋም፣ እርሾ ይፈልጋል። ለብ ሲል፣ ማለትም ታናሿ ጣትሽ ሳትቃጠል ስትቀር፣ ለ3 ሊትር ወተት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል እርጎ ጨምሪበት። እርጎው ከፈላ ወይም በፋብሪካ ከታከመ ወተት የተሠራ ይሁን፤ አለዚያ ድካምሽ ከንቱ ነው። ሸፍነሽ፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪው። በአዲስ አበባ አየር አንድ ቀን፣ ብርድ ሲሆን እስከ ሁለት ቀን ይወስዳል።

ቅሉን አማትሽ ያጥኑት። ወይራው ከሰል ምድጃ ላይ በረንዳ ቢሆን ይሻላል፤ ልጆቹ ከበር ወዲህ ቆመው ይሽተቱ እንጂ ወደ እሳቱ አይቅረቡ። ቅሉ ከዚህ በፊት ጥሬ ወተት የነበረበት ከሆነ፣ ከመታጠኑ በፊት በፈላ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀትሽ እንግባ፤ ልጆቹ አይቆዩም ብለሻል። አይቆዩም፣ መቆየትም የለባቸውም። የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ቅል ፊት አንድ ሰዓት ካስቀመጥሽው የሚማረው ቅቤ ማውጣት ቅጣት መሆኑን ነው። ስለዚህ በአንድ ጠዋት ሁለት ዕቃ ይናጥ። ቅሉ የአያታቸው ነው። ለልጆቹ ደግሞ የራሳቸው ትንሽ ዕቃ፣ ቶሎ የሚወጣ ነገር ይዞ ይሰጣቸው።

ቶሎ የሚወጣው ስልባቦት ነው። ለቤታችሁ ከምትጠጡት ወተት በየቀኑ አፍልተሽ ፍሪጅ ውስጥ ካሳደርሽው በኋላ፣ ጠዋት ላዩን በማንኪያ ገፈሽ በንጹህ ዕቃ አጠራቅሚ። ለአራት ወይም ለአምስት ቀን ይህን ካደረግሽ ለልጆች የሚበቃ ይወጣል። ገፈፋው የትልቋ ሥራ ይሁን፣ ክዳን መግጠሙ የትንሹ። እንዲህ ሲሆን ሥራው የሚጀምረው ከቅዳሜ ሳይሆን ከሰኞ ነው፤ ልጆቹም ዕቃው በየቀኑ ሲሞላ እያዩ ይጠብቁታል። ጊዜ ከሌለሽ ከሱፐርማርኬት የወተት ክሬም መግዛት ትችያለሽ፤ ግን ጽሑፉን አንብቢ። ኬክ ቤቶች የሚጠቀሙበት የዱቄት ክሬምና ከአትክልት ስብ የተሠራው ክሬም አረፋ ይሠራል እንጂ ቅቤ አይሆንም፤ ልጅሽም ሁለተኛ ጊዜ ትስቅብሻለች። ስቡ ከ30 በመቶ በላይ የሆነ፣ ስኳር የሌለበት የወተት ክሬም ያስፈልግሻል። ሩብ ሊትር ከሆነ 100 ግራም አካባቢ ቅቤ ይወጣዋል።

ዕቃው አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ፕላስቲክ ይሁን፤ የለውዝ ቅቤ የሚሸጥበት ዓይነት በጣም ጥሩ ነው። ብርጭቆ ለትንሹ አይሆንም። ከግማሽ በላይ አትሙዪው፤ ክሬሙ የሚጋጭበት ባዶ ቦታ ከሌለ አይናጥም። ቅሉም እንዲሁ ነው። ክሬሙን ከፍሪጅ እንዳወጣሽው አትጀምሪ፤ በጣም ከቀዘቀዘ ስቡ ደርቆ አይጣበቅም፣ በጣም ከሞቀም ቀልጦ ይንሸራተታል። ሃያ ደቂቃ ያህል ውጭ ይቆይ፤ ሲነካ ቀዝቀዝ ያለ ግን የማያንቀጠቅጥ መሆን አለበት። አማትሽ ቅሉ ውስጥ አንዴ ቀዝቃዛ፣ አንዴ ለብ ያለ ውሃ ጠብ ሲያደርጉ ልጅሽ ለምን እንደሆነ ትጠይቃቸው። የሚያስተካክሉት ይህንኑ ሙቀት ነው፤ ያለ ቴርሞሜትር፣ በእጃቸው ብቻ።

ቀኑን ቅዳሜ አድርጊው፣ ጾም የሌለበት ሰሞን። ልጆቹ ገና ሰባት ዓመት ስላልሞላቸው ባይጾሙም፣ አያታቸው አብረው ካልቀመሱላቸው ደስታው ይጎድላል። እጅ ታጥቦ፣ ጥፍር ተቆርጦ፣ አያት መሬት ላይ ቁርበት ወይም ምንጣፍ አንጥፈው ቅሉን ጭናቸው ላይ ሲያስቀምጡ፣ ልጆቹም አጠገባቸው ዕቃቸውን ይዘው ይቀመጡ። አያት ሲንጡ የሚያንጎራጉሩት ካለ ያንጎራጉሩ፤ አንቺ የስልክ ሙዚቃ አትክፈቺ። የሚንጥ ሰው የሚያውቀው በድምፅ ስለሆነ ልጆቹ ጆሯቸውን ይፈልጉታል። መጀመሪያ ክሬሙ እንደ ውሃ ይንቦጫቦጫል። ጥቂት ቆይቶ ይወፍርና ድምፁ ጭራሽ ይጠፋል፤ ዕቃውን ሲያወዛውዙት የሚንቀሳቀስ ነገር ያለ አይመስልም። ልጆች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነው። ትልቋን አስቀድመሽ አዘጋጃት፦ «ዝም ሲል ቀርቧል ማለት ነው።» ከዚያ በድንገት እንደገና መንቦጫቦጭ ይጀምራል፣ አሁን ግን ውስጡ ከብዶ የሚመታ ነገር አለ። የዕቃው ግድግዳ ተሸፍኖበት ከነበረው ክሬም ይጠራል፣ ቢጫ ፍርፍር በቀጭን ነጭ አሬራ ውስጥ ሲዋኝ ይታያል። በትንሽ ዕቃ ይህ ሁሉ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል።

ትንሹ በመካከሉ ተነስቶ ይሄዳል። ይሂድ። «ና ተቀመጥ» አትበዪው። ድምፁ ሲጠፋ ግን ጥሪው፣ የመጨረሻውን እሱ ይናጥ፤ ክብደቱ በእጁ ላይ ሲመታ ይሰማው። የእነሱ ዕቃ ከደረሰ በኋላ ቅሉ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ እነሱ ይጫወቱ፣ አያታቸው ይቀጥሉ። አንዳንዱ መናጫ አንገቱ አጠገብ ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ አለችው፤ በእሷ ስንደዶ ከተው ሲያወጡ የቅቤ ፍርፍር ከተጣበቀበት ደርሷል ማለት ነው። ይህን ለማየት ሁለቱም ሮጠው እንደሚመለሱ እርግጠኛ ነኝ። ከ3 ሊትር ወተት 100 ግራም አካባቢ ቢወጣ ጥሩ ነው። ትልቋ መቁጠር ከጀመረች አስሊላት፤ አንድ ኪሎ ቅቤ ከ20 ሊትር በላይ ወተት ይፈልጋል። በበዓል ሰሞን ገበያ ላይ የምትሰማውን ዋጋ ከዚያ በኋላ በሌላ ጆሮ ትሰማዋለች።

ብሌንደርን ጠይቀሽኛል። ቅቤ ያወጣል፣ በጥቂት ደቂቃም ይጨርሳል። ግን ልጆቹ የሚሠሩት ነገር የለም፤ ቁልፉን የምትጫኚው አንቺ፣ የሚያዩት እነሱ። ለራስሽ ሲቸኩልሽ ተጠቀሚበት።

ቅቤው ከወጣ በኋላ ማጠቡን አትዝለዪ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ እየቀያየራችሁ በእንጨት ማንኪያ ወይም በእጅ እሹት። ውስጡ የቀረው አሬራ ነው ቅቤውን ቶሎ የሚያኮመጥጠው። ይህ ከሁሉም በላይ ለልጆች የሚሆን ሥራ ነው፤ እጃቸው ውሃ ውስጥ ነው፣ የሚያሹት ነገር ለስላሳ ነው፣ የሚሰበርም የሚያቃጥልም ነገር የለም። ትንሹ እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቢቆይልሽ አይግረምሽ።

ልጅሽ አንድ ጥያቄ ማምጣቷ አይቀርም፤ ወተቱ ነጭ ሆኖ ቅቤው ለምን ቢጫ ሆነ? ላሟ ከምትበላው ለምለም ሣር የሚገኘው ቢጫ ቀለም ስቡ ውስጥ ይቀመጣል። ወተት ላይ እያለ ጠብታዎቹ ተበትነው፣ ተሸፍነው ስለሆኑ አይታይም፤ ሲሰበሰቡ ብቅ ይላል። ከክረምት በኋላ፣ ሣሩ ለምለም በሆነበት በመስከረምና በጥቅምት የሚናጥ ቅቤ ቢጫነቱ የሚጎላው፣ በበጋ በድርቆሽ ጊዜ ደግሞ የሚነጣው ለዚህ ነው። አማትሽ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ እሳቸው ይመልሱላት።

ትኩስ ቂጣ አስቀድመሽ አዘጋጂ። ልጅ የናጠውን ወዲያው መብላት አለበት፤ «ለነገ» የሚባል ነገር አይገባውም። አያት የልጅቷን መሃል አናት በለጋው ቅቤ ማራስ ቢፈልጉ ፍቀጂላቸው፤ ቅዳሜ ስለሆነ ለሰኞ ትምህርት ቤት ታጥባ ትደርሳለች። የተረፈውን ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ አስገቢው፣ በሳምንት ውስጥ ጨርሱት፤ ካልሆነም አንጥሩት። ለማንጠር የኮሰረቱን ቅጠል ከእንጨቱ መለየትና ኮረሪማ መፈልፈል ለትልቋ ይሆናል፤ ድስቱ ጋ ግን እናንተ ብቻ።

የቅሉን አሬራ አትድፉት። በለስላሳ እሳት ሲሞቅ አይቡ ይሰበሰባል፤ በንጹህ ጨርቅ አጥልላችሁ ለምሳ ታደርሱታላችሁ። ከልጆቹ ዕቃ የወጣው ትንሽ ስለሆነ ይጠጡት፣ ወይም ለቂጣ ማቡኪያ ይሁን።

ቅሉ አንድ ሰዓት አልፎት እንኳ ካልወጣ ልጆቹን አታስጨንቂ። ከሞቀ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከቀዘቀዘ ለብ ያለ ውሃ በትንሹ ጨምራችሁ ጥቂት ደቂቃ አሳርፉትና አማትሽ ይቀጥሉ። የልጆቹ ቅቤ ቂጣው ላይ ነው፤ እነሱ ይብሉ።